መንታ ለያዘች እናት፦ ከመጀመሪያው ወር እስከ መውለጃ የምግብና የክብደት መመሪያ

«መንታ ነው የያዝሽው» ከተባለችበት ቀን ጀምሮ አንዲት እናት ምክር አያልቅባትም። አንዷ «ለሦስት ሰው ብዪ» ትላታለች። ሌላዋ «አታብዢ፣ ልጆቹ ገዝፈው ምጥ ያስቸግርሻል» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ሁለቱም ግን ትልቁን ነገር አላነሱትም፤ እሱም ጊዜው ነው።

አንድ ልጅ ሲረገዝ 40 ሳምንት ገደማ ይቆያል። መንታ ግን በአማካይ 36ኛው ሳምንት አካባቢ ይወለዳል። ከመንታ እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ያበቃሉ። ስለዚህ ልጆቹን በማህፀን የምትመግቢበት ጊዜ ያጥራል። በዚያ ላይ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ማህፀን ጨጓራን ስለሚገፋ እንደ ልብ መብላት ይከብዳል። የመንታ እናት ዋናው የመመገቢያ ጊዜዋ እንግዲህ የእርግዝናው የመጀመሪያና የመካከለኛው ክፍል ነው። ያኔ በሰውነትሽ ያጠራቀምሽው፣ መብላት ሲያቅትሽ ለልጆቹ ስንቅ ይሆናቸዋል።

ከዚህ በታች ያለው በዚሁ የጊዜ ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የታይሮይድ ሕመም ካለብሽ ግን የሐኪምሽ ምክር ይቅደም።

ደረጃ 1፦ መነሻሽን እወቂ

ምን ያህል ኪሎ መጨመር እንዳለብሽ የሚወስነው ከማርገዝሽ በፊት የነበረሽ ክብደት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ጻፊ። ከዚያ ቁመትሽን በሜትር አስለኪ። ቁመትሽን በራሱ አባዢው፤ ክብደትሽን ለተገኘው ቁጥር አካፍዪ።

ምሳሌ እንውሰድ። ቁመትሽ 1.60 ሜትር፣ ክብደትሽ 55 ኪሎ ነበር እንበል። 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል። 55 ለ2.56 ሲካፈል 21.5 ይመጣል። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ክብደት ነው። ከ18.5 በታች ቀጭን፣ ከ25 እስከ 29.9 ወፈር ያለ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ከእርግዝና በፊት ተመዝኜ አላውቅም የምትዪ ብዙ ናችሁ። ችግር የለም። በመጀመሪያው የክትትል ቀን የተመዘንሽውን ያዢ። ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘንድ ደግሞ የላይኛው ክንድሽን ዙሪያ በሜትር ያስለኩሻል። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሰውነትሽ ተጎድቷል ማለት ነው። «መንታ ነው የያዝኩት» ብለሽ ጨምረሽ ንገሪያቸው፤ ክትትሉም የምግብ ድጋፉም በዚያ ይወሰናል።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘኚ። ቀኑ አንድ ይሁን፣ ሚዛኑም አንድ ይሁን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ በቀላል ልብስ። በየቀኑ መመዘን ጭንቀት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ቤትሽ ሚዛን ከሌለ በክትትል ቀንሽ የሚመዘገበውን ቁጥር ስልክሽ ላይ ጻፊው።

ደረጃ 2፦ ግብሽን በሳምንት ከፍለሽ ያዢ

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ ለመንታ እርግዝና ይህን ይመክራል፦

- ጤናማ ክብደት ለነበራት፦ ከ16.8 እስከ 24.5 ኪሎ
- ወፈር ላለች፦ ከ14.1 እስከ 22.7 ኪሎ
- ከልክ ያለፈ ውፍረት ለነበራት፦ ከ11.3 እስከ 19.1 ኪሎ

ይህ ሁሉ እስከ መውለጃ ድረስ የሚጨመር ጠቅላላ ኪሎ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ጤናማ ክብደት ላላት አንድ ልጅ ለያዘች እናት የሚመከረው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ነው። ቀጭን ለነበረች የመንታ እናት ይህ መመሪያ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ግቧን ከሐኪሟ ጋር ታውጣ። በምንም መንገድ ግን ጤናማ ክብደት ከነበራት ያነሰ መጨመር የለባትም።

ኪሎው የት ይገባል? ሁለቱ ልጆች ሲወለዱ አንድ ላይ ብዙ ጊዜ 5 ኪሎ አካባቢ ናቸው። የቀረው እንግዴ ልጅ ነው፣ የሽርት ውሃ ነው፣ የጨመረ ደም ነው፣ የሰፋ ማህፀንና ጡት ነው። የተወሰነው ደግሞ ለጡት ወተት የሚቀመጥ ስብ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ሲጨምር ተበላሸሁ አትበዪ።

ጤናማ ክብደት የነበራት እናት ጊዜውን እንዲህ ትከፋፍለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 2 ኪሎ አካባቢ። ማቅለሽለሹ ከፍቶባት ምንም ካልጨመረች አትደንግጥ፣ በኋላ ታካክሰዋለች። ከዚያ እስከ 24ኛው ሳምንት ድረስ ጠቅላላው ወደ 11 ኪሎ እንዲደርስ ትሞክር። ይህ የመካከለኛው ጊዜ ነው ትልቁ ሥራ የሚሠራበት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ይበቃል። ወፈር ያልሽ ከሆነ በየሳምንቱ የምትጨምሪው ከዚህ ይቀንሳል፤ አለመብላት ወይም ዳይት መያዝ ግን በመንታ እርግዝና ፈጽሞ አይሞከርም።

አንድ ነገር ለውጭ አገር ነዋሪዎች። እንግሊዝ አገር ያላችሁ አዋላጃችሁ የኪሎ ግብ ባትሰጣችሁ አይግረማችሁ፤ እዚያ ለመንታ የተለየ የክብደት ግብ መስጠት አልተለመደም። አሜሪካ ያላችሁ ግን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ከሐኪማችሁ አፍ ትሰማላችሁ።

ደረጃ 3፦ ማቅለሽለሹን እለፊው

በመንታ እርግዝና የእርግዝና ሆርሞን መጠን ከፍ ይላል። ማቅለሽለሹና ማስመለሱም ብዙ ጊዜ ይብሳል። በዚህ ጊዜ «የተመጣጠነ ምግብ» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሆድ ውስጥ የሚቆይ ነገር ማግኘት ነው።

ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ነገር ቅመሺ። ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት ወይም ደረቅ ዳቦ ማታ ትራስሽ አጠገብ አስቀምጪ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግብ መሃል ጠጪ። የዝንጅብል ሻይ ብዙዎችን ይረዳል።

የሽንኩርት ቁሌት ሽታ የማያስጠላት ነፍሰ ጡር ጥቂት ናት። ባለቤትሽ ወይም እህትሽ ወጡን ይሥሩልሽ፤ አንቺ ከኩሽና ራቂ። በርበሬው ካስመለሰሽ አልጫ ይሁን። ትኩስ ምግብ ስለሚሸት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይሻላል፦ እርጎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት። አምሮትሽ ድንች ብቻ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ድንች ብዪ፣ ምንም አይደለም። የአፈር ወይም የበረዶ አምሮት ከመጣብሽ ግን ለሐኪም ንገሪ። ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው። አፈሩ ደግሞ የአንጀት ትል ይዞ ይመጣል።

ሐኪም ጋር የምትሄጂው መቼ ነው? ሙሉ ቀን ውሃ እንኳ ካልቆየልሽ። ሽንትሽ ከቀነሰና ከጠቆረ። ስትቆሚ የሚያዞርሽ ከሆነ። ወይም ከመነሻ ክብደትሽ ከመቶ አምስት እጅ ከቀነስሽ፤ 55 ኪሎ ለነበረች ይህ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ግሉኮስ ተሰጥቶሽና ለእርግዝና የሚስማማ መድኃኒት ታዞልሽ ትመለሻለሽ። «ያልፋል» ብለሽ ቤት አትቀመጪ።

ደረጃ 4፦ ሳህኑን ሙዪ

አሁን ማቅለሽለሹ አልፏል፣ 13ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ላይ ነሽ። ከአሁን እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ እንዲያመልጥሽ አልፈልግም።

ለአንድ ልጅ በቀን 300 ካሎሪ ያህል ይጨመራል ይባላል። ለመንታ 600 ያህል ነው። 600 ካሎሪ «ለሦስት ሰው መብላት» አይደለም። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ግማሽ አቮካዶና አንድ እፍኝ ለውዝ ነው፤ በቃ። እነዚህን ከወትሮው ምግብሽ ላይ ጨምሪ። በጣፋጭ፣ በለስላሳና በብስኩት 600 ካሎሪ መሙላት ቀላል ነው፤ ልጆቹ የሚሠሩበት ግን ከዚያ ብዙም አያገኙም።

ልጆቹ የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው። የመንታ እናት ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ በቀን 100 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ይህ ቁጥር ያስፈራል፣ ስንቆጥረው ግን ይደረስበታል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም። ሦስት ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 24። አንድ ተኩል ኩባያ የተቀቀለ ምስር 27። መቶ ግራም የበሰለ ሥጋ ወይም ዶሮ 26። አንድ እፍኝ ለውዝ 7። ይህ 96 ነው። የእንጀራው፣ የዳቦውና የቆሎው ሲታከልበት ከመቶ ያልፋል።

ሥጋ በየቀኑ መግዛት የሚችል ቤት ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። እንቁላልም ተወድዷል። በሥጋው ቀን ሥጋ፣ ባልተገኘበት ቀን ጥራጥሬውን እጥፍ አድርጊው። ሽሮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሽሮው ቀጠን ካለ ሆድ የሚሞላው ውሃው ነው። ወፈር ያለ ሽሮ ይሁን፣ ዘይት አይጉደለው፣ ከጎኑ ምስር ወይም አተር ክክ ይኑር። ቆሎውን የገብስ ብቻ አታድርጊው፤ ሽምብራና ለውዝ ቀላቅዪበት። ዓሣ ካገኘሽ ደስ ይበልሽ፤ የሐይቆቻችን ቆሮሶ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ በደንብ ይጠበስ ወይም ይቀቀል።

ቆጮ ዋና ምግባችሁ የሆነ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከአይብ፣ ከባቄላ፣ ከጎመንና ከሥጋ ጋር ካልሆነ ለመንታ አይበቃም። አይቡ ከተፈላ ወተት የተሠራ ይሁን።

አንድ ቀን እንዲህ ሊመስል ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቂንጬ ወይም አጃ በወተት፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። 4 ሰዓት ላይ ሙዝና አንድ እፍኝ ለውዝ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራ በምስር ወጥና በጎመን፣ ከቲማቲም ሰላጣ ጋር፤ በላዩ ሎሚ ይጨመቅበት። 9 ሰዓት ተኩል ላይ እርጎና አቮካዶ በዳቦ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራ በሥጋ ወይም በወፍራም ሽሮ፣ ከቆስጣና ከካሮት ጋር። ከመተኛትሽ በፊት አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ወይም አጥሚት። ይህ ስድስት ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ በልተሽ ለመንታ ማድረስ ይከብዳል። ሥራ ላይ የምትውዪ ከሆነ የ4 ሰዓቱንና የ9 ሰዓት ተኩሉን ምግብ ጠዋት ቋጥረሽ ውጪ።

የማታዋን አትዝለያት። በመንታ እርግዝና ረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቀር ሰውነት ከሌላው ነፍሰ ጡር ፈጥኖ ስቡን ማቃጠል ይጀምራል። ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ በትንሽ ነገር ቢያጥር ይሻላል።

ስለ ጤፍ ብዙ ይወራል። ጤፍ ብረት አለው፣ ግን ብረቱን አስሮ የሚይዝ ነገርም አለው። ሊጥ በደንብ ሲቦካ ያ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ብዪ፣ ከጎኑ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይኑር። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ወደ ደም ያስገባዋል። «እኔ ጤፍ ነው የምበላው» ብለሽ ግን የብረት እንክብልሽን አትተዪ።

ውሃም አትርሺ፤ በቀን አሥር ብርጭቆና ከዚያ በላይ። ሽንትሽ ነጣ ካለ በቂ ጠጥተሻል። ጨውሽ አዮዲን ያለው የታሸገ ይሁን። በተከደነ ዕቃ አስቀምጪው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

በአንዳንድ አካባቢ ነፍሰ ጡር ወተት፣ ተልባ፣ ሙዝ ወይም ገንፎ አትብላ ይባላል። ልጁ ላይ ነጭ ነገር ይለጠፋል በማለት ነው። ልጆች ሲወለዱ የሚታየው ነጭ ቅባት ከእናቲቱ ምግብ የሚመጣ አይደለም። የልጁ ቆዳ ራሱ የሚሠራው መከላከያ ነው። አማትሽ ወይም እናትሽ ይህን ቢሉሽ አትጣያቸው። ወደ ክትትል አብረውሽ እንዲመጡ ጋብዣቸው፣ ከአዋላጇ አፍ ይስሙት።

ደረጃ 5፦ ጾሙን ቀድመሽ ተነጋገሪበት

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ስለሚጎዱ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የመንታ እርግዝና 36 ሳምንት ቢቆይ 252 ቀን ነው። ጾሙ ሙሉ በሙሉ እርግዝናሽ ላይ ከዋለ፣ ከአምስት ቀን አንዱን ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ ታሳልፊያለሽ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲጨመሩበት ደግሞ የበለጠ ነው። ነፍሰ ጡር መብላት እንደሚፈቀድላት ብዙዎች ያውቃሉ፤ ሆኖም ልባቸው አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። «መንታ ነው የያዝኩት፣ ሐኪም ክብደት ጨምሪ ብሎኛል» በያቸው። አባ የሚሉሽን ሰምተሽ በሰላም ትበያለሽ። ሙስሊም እናቶችም በረመዳን ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ከሰጉ አፍጥረው በኋላ ቀዷ እንዲያወጡ ሃይማኖቱ ይፈቅዳል።

ሥጋና ወተቱን ልተው የምትዪ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰዓቱን አትጹሚ። ጠዋት ሳይበሉ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለመንታ እናት ከወተት ማጣት ይብሳል። በጾም ምግብ እንዲህ ሙዪው፦ ወፍራም ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የሰሊጥ ወይም የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ አቮካዶ፣ ባቄላ፣ በሶ በለውዝ። አኩሪ አተር ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ግን ከእጽዋት አይገኝም። ለረጅም ጊዜ የምትጾሚ ከሆነ እንክብሉን ሐኪም ይዘዝልሽ።

ደረጃ 6፦ እንክብሉን በትክክል ውሰጂ

ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ ቀይ እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ሁለት ልጅ የአንቺን ብረት ስለሚጋሩ በመንታ እርግዝና ደም ማነስ በብዛት ይታያል። ሄሞግሎቢንሽን አስመርምሪ። ከ11 በታች ከሆነ መጠኑ ሊጨመር ይችላል፤ የአንጀት ትልም ይመርመር። በራስሽ ግን አትጨምሪ።

እንክብሉን በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ዋጪ። ቡና፣ ሻይና ወተት ብረትን ያግዱታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ካስመለሰሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው፤ የማታውን ወተት ግን ያኔ ቀደም አድርጊው። ሰገራ ይጠቁራል፣ አያስደነግጥም። ሆድ ድርቀት ከመጣ ተልባ በውሃ፣ ፓፓያና ውሃ ማብዛት ይረዳል። ፓፓያው የበሰለ ይሁን።

ካልሲየም ሌላው ነው። ወተት የማይጠጣበት ቤት ውስጥ ለምትኖር ነፍሰ ጡር የዓለም ጤና ድርጅት ካልሲየም በእንክብል እንድትወስድ ይመክራል፤ የእርግዝና ደም ግፊትን አደጋ ይቀንሳል። የካልሲየሙና የብረቱ ሰዓት ይለያይ። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ።

ለመንታ እናት ልዩ የሆነ አንድ ጥያቄ አለ። በ12 ሳምንት አካባቢ ሐኪምሽን «አነስተኛ መጠን አስፒሪን ያስፈልገኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መንታ መያዝ ብቻውን ለእርግዝና ደም ግፊት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። አስፒሪኑ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር የበለጠ ይጠቅማል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን እንዳትሞክሪው።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ሰውነታችሁን የምትሸፍኑ፣ ቫይታሚን ዲ አስመርምሩ። ዐረብ አገር ያላችሁም እንዲሁ። ፀሐዩ ቢበዛም ሙቀቱ ቤት ውስጥ ስለሚያውል እጥረቱ እዚያም አለ።

ደረጃ 7፦ የሚቀረውን አስቀሪ

ጥሬ ሥጋ እስክትወልጂ ይቅር። ክትፎው ለብ ለብ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ ይብሰል። ዱለትም እንደዚያው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በጥሬ ሥጋ ይመጣል፣ ልጅ ላይ የአእምሮና የዓይን ጉዳት ያደርሳል። ያልተፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ አይብ ወይም እርጎ ደግሞ ሊስቴሪያና ብሩሴላ የሚባሉ ጀርሞችን ያመጣል። ወተቱ ይፈላ። ሰላጣው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። ጉበት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተዪው፤ ቫይታሚን ኤው ከመጠን በላይ ነው።

ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ፣ አረቄ፣ ምንም የለም። «ጠላ ጡት ይሞላል» የሚሉሽን አትስሚ። ጫት የልጅን ክብደት ይቀንሳል። መንታ ደግሞ ቀድሞውኑ በትንሽ ክብደት የሚወለድ ነው። የኮሶ መድኃኒት አደገኛ ነው። የኮሶ ትል ካለብሽ በሐኪም ይታከም። ጤና አዳምን በብዛት፣ አብሽንም እንደ መድኃኒት ከመውሰድ ተቆጠቢ።

ቡናውን መከልከል አልፈልግም። በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን አይለፍ ይባላል። አንድ ሲኒ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ከምግብና ከብረት እንክብል ራቅ አድርገሽ። ቡናው ሦስቴ ቢፈላም አንቺ በአቦል ላይ ቁሚ፤ ጎረቤት አይቀየምሽም።

ደረጃ 8፦ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ

አሁን ሁለት ጉርሻ ስትበዪ ትጠግቢያለሽ። ቃር ይነሣል። ሳህኑን አሳንሺ፣ ጊዜውን አብዢ። በቀን ሰባትና ስምንት ጊዜ ቢሆን አይገርምም። በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ያለውን ምረጪ፦ ገንፎ በቅቤ፣ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ወተት ያለው አጥሚት፣ እርጎ በማር። ሆድ የሚሞሉትን፣ ማለትም ሾርባንና ብዙ ሰላጣን፣ ከዋናው ምግብ በኋላ አድርጊያቸው። በርበሬና ጥብስ ቃር ካባባሱ ይቀነሱ። በልተሽ ወዲያው አትተኚ፤ ስትተኚም ራስሽን ከፍ አድርጊ፣ ወደ ጎን።

ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከ24 እስከ 28 ባለው ሳምንት ውስጥ፣ የስኳር ምርመራ ይደረግልሽ። ስኳር ከተገኘብሽ መብላት አታቆሚም። ምግቡ ይለወጣል፦ ለስላሳ፣ ጭማቂ፣ ማርና ነጭ ዳቦ ይቀነሳሉ፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና አትክልት ይበዛሉ፣ ሰዓቱ ይጠበቃል።

ደረጃ 9፦ ሚዛኑ ሲቆም ወይም ሲዘል

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልጨመርሽ ለሦስት ቀን የበላሽውን ሁሉ ጻፊ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ላይ ይታያል። ወይ ቁርስ ተዘሏል፣ ወይ የማታው ወተት ቀርቷል፣ ወይ ጾም ገብቷል። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ እፍኝ ለውዝ በየቀኑ ጨምሪ። በቀጣዩ ሳምንትም ካልተንቀሳቀሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። የልጆቹ እድገት በአልትራሳውንድ ይታያል። ሚዛን የሚነግርሽ ስለ አንቺ ነው፤ ከሁለቱ አንደኛው ቢቀጭጭ በሚዛን አይታወቅም። ስለዚህ የመንታ ክትትል ከተለመደው ቀጠሮ ይብዛ፣ አልትራሳውንዱም ይደጋገም።

በአንድ ሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ በድንገት ከጨመርሽ ግን ምግብ አይደለም፣ ውሃ ሊሆን ይችላል። ፊትና እጅ ማበጥ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን መጋረድ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፤ እነዚህ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክቶች ናቸው። ያንኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ምግብ በመቀነስ ወይም ጨው በመተው አይድንም። ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ከጊዜው በፊት የሚመላለስ ቁርጠት፣ የልጆቹ እንቅስቃሴ መቀነስም እንደዚሁ አያስጠብቁም። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ፣ ሽፍታ የሌለው ከባድ ማሳከክ ካለ ደግሞ የጉበት ምርመራ ይደረግልሽ።

አሜሪካ ያላችሁ እናቶች፣ ዊክ በሚባለው የምግብ ድጋፍ ከታቀፋችሁ መንታ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አቅርቡ። ለመንታ እናት የሚሰጠው ምግብ ለአንድ ልጅ ከሚሰጠው ይበልጣል፣ ካልተናገራችሁ ግን ላይመዘገብ ይችላል።

ደረጃ 10፦ የአራስ ቤቱን ስንቅ ቀድመሽ አዘጋጂ

መንታ ቶሎ ስለሚመጣ የገንፎ ዱቄቱ፣ የአጥሚት እህሉ፣ ቅቤው፣ በርበሬው እስከ 32ኛው ሳምንት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ሁለት ልጅ ማጥባት ለእያንዳንዱ 500 ያህል፣ በድምሩ 1000 ካሎሪ በቀን ይጠይቃል። ይህ ከእርግዝናው ይበልጣል። ስለዚህ ስትወልጂ ማን እንደሚያበስል አሁን ወስኚ። እናትሽ የትኞቹን ሳምንታት፣ እህትሽ የትኞቹን፣ ባለቤትሽ የሌሊቱን አጥሚት። የብረት እንክብሉም ከወለድሽ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትወስጂው ከሆስፒታል ሳትወጪ ጠይቂ።